ባዶውን የሚመለሰው አገልግል

ዕድሜዬ ያለቀው ሰዋስው ሳስተምር ነው። ተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ሰዋስው ከየት ይመጣል? ሕፃን ልጅ ከማሕፀን ይዞት ይወለዳል ወይስ ከሰው ጋር እየኖረ፣ እየበላ፣ እየተጣላ ይማረዋል? እኔም በየዓመቱ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ ሁለቱን ወገኖች ግራና ቀኝ አሰልፋለሁ። እነዚህ እንዲህ ይላሉ፣ እነዚያ ደግሞ እንዲያ ይላሉ፣ ክርክሩ ገና አልተዘጋም ብዬ የእጄን ጠመኔ አራግፌ እወጣለሁ። ታናሽ እኅቴን ግን ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አንሥቻት አላውቅም። ከእሷ የተሻለ ምሳሌ ኖሮኝ አይደለም። እሷን ካነሣሁ ወንድሜ አብሮ ይነሣል፤ ወንድሜ ከተነሣ ደግሞ ትምህርቱን መቀጠል አልችልም።

ሦስት ነበርን። እኔ ታላቅ፣ ወንድሜ መካከለኛ፣ እኅቴ የመጨረሻ። ቤታችን ጎንደር ውስጥ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ እናቴ የቤት እመቤት። እኅቴ ጆሮዋ አይሰማም። ከመወለዷ ጀምሮ ይሁን ወይስ በጨቅላነቷ ታማ፣ በርግጥ የሚያውቅ የለም፤ እናቴም አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ትል ነበር። እንዲህ ላሉ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት አለ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። የሰፈር ልጆች «ዱዳዋ» ይሏታል። ወንድሜ በዚህ ስም የጠራትን ሁሉ፣ ቢያክለውም ቢበልጠውም፣ ይገጥም ነበር። አንድ ቀን አቅሙ የማይችለውን ጎረምሳ ገጥሞ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ መጣ። እናቴ ትቆጣለች፣ እሱ ይስቃል፤ እኅቴ ጣቷን ሰድዳ የተሸረፈችዋን ጥርስ ነካች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ያ ሆነ። የራስን የፊት ጥርስ በጣት መታ መታ ማድረግ፣ ወንድሜ ማለት ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን በእጃችን ቋንቋ ሠራን። ማን እንደ ጀመረው ሁልጊዜ እንጨቃጨቅ ነበር። ወንድሜ «እኔ ነኝ» ይላል፣ እኔ «እኔ ነኝ» እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ሁለታችንንም ንቃ መዳፏን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች። እናቴ ማለት ጣትን በአንገት ዙሪያ ማዞር ነው፣ ስለ ንቅሳቷ። አባቴ ጢሙ ነው። እኔ ሁለት መዳፍ እንደ መጽሐፍ ተዘርግቶ፤ ከማንበብ ሌላ ሥራ አትወድም ለማለት ይመስለኛል። አጥር የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴ ስለነበረች፣ እሷ ማለት ጨርቅ በክንድ መለካት ነው። መብላት፣ መሄድ፣ መምጣት፣ መልበስ፣ መሳቅ፣ ሁሉም የየራሱ ምልክት ነበረው። «ማን» እና «የት» ማለት እንችላለን። «ለምን» ግን አልነበረንም። ብዙ ሞክረናል፣ አልመጣልንም። «ለምን» ለማለት ስንፈልግ ዐይናችንን አፍጥጠን ዝም ነው።

የሚገርመው አሰካኩ ነው። መጀመሪያ ሰውየው፣ ቀጥሎ ነገሩ፣ በመጨረሻ ድርጊቱ። ጥርስ፣ ዳቦ፣ መብላት። ወንድሜ ዳቦ በላ። አማርኛ የሚሰካው እንዲሁ ነው፤ እሷ ግን አንዲት የአማርኛ ቃል በጆሮዋ ገብታ አታውቅም። አዲስ አበባ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ ስገባና ሥነ ልሳን ማጥናት ስጀምር፣ ይህን ይዤ መምህሬ ዘንድ ቀረብኩ። ቀጭን፣ ሲጋራ ከጣቱ የማይጠፋ፣ ተማሪ ሲሳሳት የሚደሰት ሰው ነበር።

«ከእናንተ ወስዳው ነው» አለኝ። «እናንተ አማርኛ ተናጋሪዎች ናችሁ። እጃችሁም የሚያወራው አማርኛ ነው።»

አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ተነሥቶ ይህ ከተፈጥሮ የመጣ ነው፣ ልጅቷ ይዛው የተወለደችው ነው አለ። ሌላው ተነሣ፤ ሰው የሚያስበው በሰውነቱና በኑሮው ነው፣ ዳቦ ከመበላቱ በፊት ዳቦው መኖር ስላለበት ነው መጀመሪያ የምትጠራው አለ። ሁለቱ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። እኅቴን ያዩዋት ይመስል ነበር። መምህሬ ጭሱን አስወጥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ለመሆኑ እኅትሽ ትዋሻለች?»

«አትዋሽም!» አልኩ፣ የተሰደበችብኝ መስሎኝ።

«እንግዲያው ገና ነው» አለ። «ያየችውን ታሳያለች፣ ይህ መጠቆም ነው። ቋንቋ ያለው ሰው የሌለውን ያወራል። እኔ የማውቀውን ይህ ሰው አያውቅም ብሎ ያስባል፣ ያንን ይዞ ይቆያል። ውሸት አምጪልኝ። አንዲት ውሸት ካመጣሽልኝ እኅትሽ ቋንቋ አላት ብዬ እፈርማለሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ክረምት ላይ ጎንደር ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህን ለወንድሜ መንገር ነበር። እሱ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ሊጨርስ ነው፤ ጢሙ እንደ ነገሩ አቆጥቁጦ ነበር። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቀላል ነገር!» አለና እኅቴን ጠርቶ እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ዳቦ ከነመሶቡ አወጣ። ሁለቱ ቁጭ ብለው በሉ። ከዚያ እንድትዋሽ አስጠናት፤ ጎረቤታችን መጣች፣ ዳቦውን በላች፣ ሄደች። እኅቴ በጥሞና አየችው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ እየሮጠች ሄዳ ፊቷ ቆመች። ጥርስ፣ ዳቦ፣ መብላት። ቀጥላም መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዳቦ፣ መብላት። ራሷንም ጨምራ አጋለጠች። እኔ ስተረጉምላት እናቴ ወንድሜን በመጥረጊያ አባረረችው፤ እሱ በአጥሩ ላይ ዘልሎ እየሳቀ «መምህርሽ ይቅርበት፣ ይችን ልጅ ውሸት የሚያስተምራት የለም» ብሎ ጮኸልኝ። ያ ክረምት ሦስታችን አብረን የነበርንበት የመጨረሻው ነው።

አሁን ስለ አባቴ መርዶ መናገር አለብኝ፤ ኋላ የሆነው ነገር ያለዚህ አይገባም። አባቴ የሞተው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ለሥራ መተማ ወርዶ ሳለ ነው። ወባ ገደለው፣ እዚያው ተቀበረ። ወሬው ጎንደር ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፣ እናቴ ብቻ አልሰማችም። በእኛ አገር የሞት ወሬ እንደ ተገኘ አይወረወርም። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይያዛል። የእናቴ ወንድም ከአምባ ጊዮርጊስ እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ ሴቶቹ እንደ ወትሮው እየገቡ እየወጡ ከእናቴ ጋር ይሳሳቁ ነበር። ከበራችን ሲደርሱ ግን ቆም ብለው ዐይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እኔና ወንድሜ ይህን አላየንም፤ ያየችው እኅቴ ናት። እኛ ስንሰማ ስለምንውል ማየት ያመልጠናል፤ እሷ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበራትም። አንድ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥበቡን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ዝም ብለው ገቡ። አጎቴ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ። እናቴ ነጠላዎቹን ስታይ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። እኅቴ በዚያ ጠዋት የምድጃው ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ የማን ነጠላ እንዴት እንደ ተገለበጠ አንድ በአንድ ስታይ ትዝ ይለኛል።

ደርግ ከመጣ በኋላ፣ ቀይ ሽብር ጎንደር ሲገባ፣ ወንድሜን አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ወሰዱት። ምን አደረገ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እናቴም ስትጠይቅ ነው የኖረችው። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። እሱን ያስገቡት ከከተማው ዳር የእህል መጋዘን በነበረ ግቢ ነው። እናቴ በየቀኑ በአገልግል ምግብ ይዛ ትሄዳለች፣ በር ላይ አስረክባ፣ ባዶውን እስኪመልሱላት ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አንዱ ዘበኛ ገፍትሮ ድንጋይ ላይ ጣላትና ጉልበቷ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ አገልግሉን እኅቴ ተረከበች።

ማንም ያላሰበው ነገር የመጣው በዚህ ነው። ቀትር ላይ እስረኞቹን ፀሐይ ያሞቋቸዋል። እኅቴ ከሽቦው ወዲህ፣ ወንድሜ ከሽቦው ወዲያ። የሌሎቹ እስረኞች እናቶች ልጃቸውን በዐይናቸው ፈልገው ካገኙ ያ ቀን በዓላቸው ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ያወሩ ነበር። ወንድሜ ራሱን ያካል፣ ጥርሱን ይነካል፣ ትከሻውን ይዳብሳል፤ ዘበኞቹ ቅማል የበላው መስሏቸው ይስቁበታል። እኅቴ ማታ ቤት ገብታ እናቴ ፊት ትቀመጥና ሁሉንም ታወጣላታለች። ብርድ ይዞታል፣ ሹራብ ላኩ። ስልጆ አምሮታል። ጸጉሩን ላጭተውታል። እናቴ ለዘመናት የእኅቴን እጅ የምታነበው በእኛ አስተርጓሚነት ነበር፤ አሁን አስተርጓሚዎቿ አንዱ እስር ቤት፣ አንዷ አዲስ አበባ ሆንን። በስተርጅና ራሷ ተማረች። ኩራዙን ወደ ልጇ እጅ አስጠግታ፣ ያልገባትን «እስቲ ድገሚው» እያለች። ልጇ እንደማትሰማት ታውቃለች፣ ግን ትላለች።

የካቲት ላይ ለእረፍት መጣሁ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ስደርስ የእናቴ ወንድም ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ጭኖ መጥቶ፣ መደብ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። እናቴ ከስታለች፣ ፊቷ ግን ብርሃን አለው። ገና ሳልቀመጥ ባዶውን አገልግል ከፍታ አሳየችኝ።

«እይው! ጠርጎ ነው የላከው። በፊት በፊት ያስተርፍ ነበር፤ አሁንስ ሳምንትም አለፈው፣ ፍርፋሪ እንኳ አይመለስም። በልቷል ልጄ፣ በልቷል!»

እኅቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ብዙ ቆየች። ከዚያ ራቅ ብላ አየችኝ፤ አጎቴን አየች፤ እናቴን አየች፤ እንደገና እኔን። ጥርሴን ነክቼ «የት? እንዴት?» በሚል እጄን ገለበጥኩ። ያለ አንዳች መንተባተብ መለሰችልኝ። ጥርስ፣ ሹራብ፣ መልበስ። ጥርስ፣ ስልጆ፣ መብላት። ከዚያም ጥርስ፣ እኔን የሚጠራው መጽሐፍ፣ መሳቅ። አንቺን ሲያስብ ሳቀ፣ ማለት ነው። ወይም እንደምትመጪ ስነግረው ሳቀ። የወንድሜን ሳቅ፣ ሆድ የሚይዘውን፣ እንዳለ አሳየችኝ። ደስ አለኝ፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ የተጨነቅሁት ሁሉ ለቀቀኝ።

አጎቴ ሲያያት ቆይቶ፣ «ሸጋ ልጅ ናት» አለ። «ምስኪን፣ አለማወቋ በጃት። የሚሆነው ነገር ቢገባት ኖሮ እንዲህ ቀጥ ብላ ትመላለስ? ምነው እኛንም እንደ እሷ ባደረገን።»

«አያ፣ እሷ እኮ ሁሉ ይገባታል» አልኩት።

«ይሁንልሽ» አለኝ። ለተማረ ሰው እንደሚባለው ነው ያለው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ብርድ ቀሰቀሰኝ። በሩ ክፍት ነው። እኅቴ መኝታዋ ላይ የለችም። ወዲያው የጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ገባች፤ የንጋት ሶላቷን ሰግዳ እንደ ተነሣች ያስታውቃል፣ ሻሿም ጥቁር ነው፣ በብብቷ አንድ ጥቅልል ይዛለች። ቀጥሎ ከታች ቤት ያሉት ባልቴት። ቀጥሎ ሌላ ሴት። አንድ አንድ እያሉ፣ መንገድ ላይ አብረው እንዳይታዩ፣ ቀበሌው ስብሰባ እንዳይለው። አብዛኞቹ ለምን እንደ መጡ አያውቁም፤ ገና በጨለማው የአንዲት መስማት የማትችል ልጅ እጅ ነጠላቸውን ጎትቶ ነው ያመጣቸው። በመጨረሻ እኅቴ ገባችና በሩን ዘጋች።

እናቴ ተነሥታ ተቀምጣ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» ትላለች። እኅቴ የአጎቴን እጅ ይዛ አስነሣችና ከእናቴ ቀኝ አስቀመጠችው። ጎረቤታችንን ከግራዋ። እኔን ከኋላዋ፣ ብትወድቅ እንድይዛት። የአባቴ መርዶ ዕለት ሰዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ነው፤ እኔ እንኳ ረስቼው ነበር። ከዚያ እናቴ ፊት ቆመች። ነጠላዋን አወለቀች፣ ጥበቡ እንዲታይ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ጥርሷን በጣቷ መታች። እጇ ወረደ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሞት የሚል ምልክት ሠርተን አናውቅም ነበር።

አጎቴ ከሁላችን ቀድሞ ገባው። «ምነው፣ ምነው ልጄ፣ ምነው» እያለ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

እናቴ አላለቀሰችም። ዞራ እኔን አየችኝ። «ትናንት እኮ በልቷል» አለችኝ፣ እንደ መከራከር አድርጋ። «ስልጆውን ሳይቀር። አገልግሉን አይተሽው የለም? አንቺው ራስሽ አይተሻል።»

ጎረቤታችን የያዘችውን ጥቅልል ፈታች። የወንድሜ ሹራብና ብርድ ልብስ ነበሩ። እናቴ አፏን ስትከፍት ጎረቤታችን ዘልላ በመዳፏ አፈነቻት። «በአላህ ይዤሻለሁ እታለም፣ በሆድሽ፣ በሆድሽ አልቅሺ። የቀሩትንም ያስጨርሱብሻል።» በዚያ ዘመን በእነሱ እጅ ለሞተ ሰው ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይቻልም ነበር። ሁላችንም ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን አለቀስን። የእናቴ ጀርባ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ከውጭ የዶሮ ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም። እኅቴ አንድ በአንድ አየችን። እሷ ለቅሶ የምታውቀው ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፣ የተከፈተ አፍና እንባ። እኛ ነን ያን ቀን እንደ እሷ የሆንነው።

ጎረቤታችን የሆነውን የነገረችን ከሰዓት በኋላ ነው። ከሁለት ሳምንት ያህል በፊት እኅቴ አገልግሉን ይዛ በር ላይ ስትደርስ ምግቡን አልተቀበሏትም። ልብሱን ወርውረው ሰጧት። አጠገቧ የነበሩ ሌሎች እናቶች ልብስ ሲሰጣቸው መሬት ላይ ሲወድቁ አይታለች፤ ዘበኞቹ ሲያስነሡዋቸውም አይታለች። እሷ አልወደቀችም። ልብሱን ጠቅልላ፣ ምግቡን እንደ ያዘች፣ ቀጥ ብላ የጎረቤታችን ሱቅ ገባችና ጥቅልሉን ጣቃ ጨርቁ መሐል አስቀመጠችው።

«ጥርሷን ነካችልኝ» አለች ጎረቤታችን። «ገባኝ። ሱቄን ዘግቼ ወደ እናትሽ ልሄድ ስነሣ ቀሚሴን ያዘችኝ። እንዲህ አደረገች።» ሁለት መዳፏን እንደ መጽሐፍ ዘረጋች። «ከዚያ እንዲህ።» የመምጣት ምልክት ነው። «አንቺ እስክትመጪ ማለቷ ነው። ከዚያ ጣቷን አፌ ላይ አደረገች። እኔ ትልቋ ሴት፣ አዘዘችኝ፣ ታዘዝኋት። ይኸው እስከ ዛሬ ከእናትሽ ጋር እየተቀመጥሁ ዛሬ ነገ ይፈታል እላለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ አለቅሳለሁ።» እናቴ አልተቀየመቻትም። መርዶ የሚያዘው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሹራቡ ውሸት ነበር። ሳቁም ውሸት ነበር። በየማታው ኩራዝ ሥር፣ የሞተ ወንድሟን ሲበላ፣ ሲበርደው፣ ሲሞቀው፣ ስለ እኔ ሲጠይቅ እየሠራች ለእናቴ ስታቀርብ ሰንብታለች። ለዳቦ መዋሸት እምቢ ያለችው ልጅ። መምህሬ የጠየቀኝን ሁሉ፣ የሌለውን ነገር፣ ያልሆነውን፣ እኔ የማውቀውን እናቴ አታውቅም የሚለውን፣ እኅቴ ከነሙሉ አሰካኩ አምጥታልኛለች። ትምህርት ተከፍቶ ስመለስ ኮሪደር ላይ አስቁሞ «እኅትሽስ? ውሸት ተገኘ?» አለኝ፣ እየሳቀ፣ ምንም ሳያውቅ። «አልተገኘም» አልኩት። ፊርማውን ድንጋይ ላይ ይፈርምበት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እስካሁን እንደ ውሸት እቆጥረው ነበር። ግን ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት እናቴ ጠራችኝ። የወንድሜን አስከሬን አልሰጡንም፤ ድንኳን አልተጣለም፤ ተዝካር ማውጣትም የማይታሰብ ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ፣ «እስቲ ጠይቂልኝ» አለች። «ያ ሁሉ ቀን እኔ እየሠራሁ ስልክ፣ አገልግሉ ባዶውን ሲመለስ፣ ምግቡን ማን ነው የበላው?»

ጠየቅኳት። አገልግል፣ መብላት፣ ማን? እኅቴ አልመለሰችልኝም፤ እጄን ይዛ ወጣች። ዳገቱን ይዘን ልደታ በር ደረስን። የኔ ቢጤዎቹ ግንቡን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። እሷን ሲያዩ ቦታ ለቀቁላት። አንዲት አሮጊት ፊቴን አይተው ዘመዷ መሆኔን አወቁ መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ይች ልጅ ያንቺ ናት? እግዜር ይስጥልን። ሰሞኑን ቀርታብን ምን ሆነች ስንል ነበር። በየቀኑ ከዚያ ማዶ ትደርስና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትመጣለች፣ ምግቡን ትሰጠናለች፣ ነፍስ ይማር ብለን እስክንጨርስ ቆማ ታየናለች። ከዚያ ነጠላዋን አቅንታ ትሄዳለች።» እኅቴን ዞር ብለው አዩ። «የማን ነፍስ እንደሆነ ግን አላወቅንም። ስሙን ንገሪን፣ በስሙ እናንሣው ብንላት ጥርሷን መታ መታ ታደርጋለች። እኛም የዚችን ልጅ ሰው ይማርልን እያልን ነው የበላን።»

እዚያው በር ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ማንም ቢሰማኝ ግድ አልነበረኝም። እናቴ «ነገ ይፈታል» እየተባለች ስትስቅ፣ ጎረቤታችን ቤቷ ውስጥ ለቅሶዋን ስታፍን፣ እኔ አዲስ አበባ ስለ ሰዋስው ስጨቃጨቅ፣ ወንድሜ የሚያለቅስለትና ስሙን የሚያስነሣለት አንድ ሰው ነበረው። እኅቴ ብቻዋን፣ ከመንገዱ ማዶ ነጠላ እየገለበጠች፣ ተዝካሩን ስታወጣ ነበር። ወይስ ምግቡ ባዶ ሆኖ እንዲመለስ ብቻ ነው የፈለገችው? ወይስ ሁለቱንም? «ለምን» የሚል ምልክት ስላልነበረን አልጠየቅኳትም። ዐይኔን አፍጥጬ ዝም አልኩ፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችው። እኅቴም ደርግ ሊወድቅ ሲል ታማ ሞተች፤ መልሱን የምጠይቀው ሰው ዛሬ የለም፣ ያን ቋንቋም ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

ቤት ስንመለስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችን ነበር። «ማን በላው አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያኑን በር እንዴት እንደምነግራት ሳስብ፣ እኅቴ ቀደመችኝ። ፊቷ ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ እናቴ እንድታነበው፣ ጥርሷን ነካች፤ ከዚያ እጇን ወደ አፏ አመጣች።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ፣ አንብባዋለች ግን ከእኔ መስማት ፈለገች።

«እሱ በላው ነው የምትል» አልኳት።

እናቴ ብዙ አየቻት። ከዚያ ጉልበቷን እያመማት ወደ ጓዳ ገባች፣ አገልግሉን ከተሰቀለበት አወረደች፣ እኅቴ ነገ የምትወስደውን ስልጆ ልትቀዳ የማሰሮውን ክዳን ከፈተች።